አውሮፕላኑን ያስዞርኩት እኔ ነኝ

ወገኖቼ፣ ሰላማችሁ ይብዛ። ጌታ ያደረገልኝንና እኔ ያደረግሁትን፣ ሁለቱንም፣ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው የቆምኩት። ደምሴ ነኝ። ብዙዎቻችሁ "የአውሮፕላኑ ጋሽ ደምሴ" ነው የምትሉኝ። በሌሎች ሁለት አጥቢያዎች፣ ከዚያ ደግሞ በዚሁ መድረክ ላይ፣ ከሞት እንዴት እንደተረፍኩ መስክሬያለሁ። ሃሌሉያው ቆርቆሮውን ሊነቅለው ነበር። ዛሬ ግን እባካችሁ ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ከወረቀት የማነበውም በምክንያት ነው። ታውቁኛላችሁ፤ አፌ የገባበትን ነገር ሳያሳብጥ አያወጣም። ዳገት ላይ አንድ ጅብ ካየሁ ደብረ ብርሃን እስክደርስ መንጋ ይሆናል። ስለዚህ ጻፍኩት። ባለቤቴ ሙሉነሽ ትናንት እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠችና "ይሄ አልሆነም፤ ይሄም አልሆነም" እያለች አራት ቦታ ሰረዘች። የቀረው የሆነው ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ትንሿ አውሮፕላን በበረዶ ውስጥ ስታርፍ ተገልብጣ አብራሪው ካፒቴን ዮናስ ሞተ። በከተማችን የሚወራውን ታውቃላችሁ። "ጉራውን ሊነዛ ሰርግ ቤት ላይ ሲዞር ዝናብ ቀደመው" ይባላል። "ጠጥቶ ነበር" የሚልም አለ። ሰውየው አልጠጣም፤ ጉራም አልነበረውም። ያስዞርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው ያስዞርኩት። እሱ ስሙን ይዞ መቃብር መግባት ሲገባው ስሙን እኔ አስቀረሁበት። የምመሰክረው ይህንን ነው።

ጌታን ከማወቄ በፊት ሥራዬ ሁለት ነበር፤ አይሱዙ መንዳትና መዋሸት። በአይሱዙው ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። ገብስና ባቄላ ጭኜ እወርዳለሁ፣ ማሽላና ሽንኩርት ጭኜ እወጣለሁ። ውሸቱን ግን ስወርድም ስወጣም እጭነው ነበር፤ እሱን ትራፊክ አያስቆመውም። ሰው እንዲስቅልኝ እንጂ ሰው እንዲጎዳ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አሁን ሳስበው፣ የሚጎዳውን ሰው ዞር ብዬ ስላላየሁ ነው።

ሙሉነሽ ጌታን ያገኘችው ከእኔ አሥራ አንድ ዓመት ቀድማ ነው። ጠዋት ጠዋት ተንበርክካ ስትጸልይልኝ፣ "ለጌታሽ ንገሪልኝ፣ የኋላ ግራ ጎማዬም አልቋል" እላት ነበር። እሷ ደግሞ አትቆጣም። ጎማውንም ጨምራ ትጸልያለች።

ታዲያ አንድ በልግ የካርታ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች መጡ። በየክረምቱ የአንኮበር ገደል እየተናደ እርሻና ቤት ይዞ ይወርዳል። የትኛው ቦታ እንደሰነጠቀ ከላይ ፎቶ ሊያነሱ ነው የመጡት። የየሸለቆውን ስም የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ሾፌሮቹ ወደ እኔ ላኳቸው። "ገደሉን ታውቀዋለህ?" አሉኝ። "አንድ በአንድ በስሙ እጠራዋለሁ፤ እሱም አቤት ይለኛል" አልኳቸው። ስቀው ቀጠሩኝ። እውነት ለመናገር ከመንገዱ ዳርና ዳር ያለውን ነው የማውቀው። የቀረውን ሰፈር ውስጥ ጠይቄ፣ ያልተነገረኝን ራሴ ስም አወጣሁለት። ካርታው ላይ እኔ ስም ያወጣሁላቸው ሁለት ሸለቆዎች ነበሩ። እነሱንም በኋላ ተናዝዣለሁ።

ከከተማችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለውን የግጦሽ ሜዳ በግሬደር ደልድለው ማረፊያ አደረጉት። ዳርና ዳሩ እንዲታይ ድንጋይ ኖራ ቀብተው ደረደሩ። ነጭ ድንጋይ በአረንጓዴ ሣር ላይ፤ ከሩቅ ጥርስ ይመስላል። ይህን ድንጋይ ልብ በሉት፤ በኋላ ይገባችኋል።

ካፒቴን ዮናስ የአዳማ ሰው ነበር። ከእኔ በአሥራ ምናምን ዓመት ያንሳል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው። ጠዋት ጠዋት አውሮፕላኗን ዞሮ ይዳብሳታል፤ ክንፏን፣ ጎማዋን፣ ሆዷን፣ በቅሎ ሊገዛ እንደመጣ ገበሬ። አንድ ሕግ ነበረው። "ጋሽ ደምሴ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ገደሉ ላይ አልገኝም" ይላል። ቆላው ሲሞቅ ጉሙ በገደሉ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ደጋው ላይ ሲደርስ ይጠቁራል። እኛ የምናውቀውን እሱ በትምህርት ያውቀዋል። አሥራ ሁለት ቀን አብረን ስንበር አንድም ቀን ሕጉን አልጣሰም። አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ እኔ አስጣስኩት።

በዚያ ሳምንት የአጎቴ ልጅ የጌታነህ ሰርግ ነበር፤ ከጎረቤላ አለፍ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው ሰፈራችን። ዳስ ሲጣል ልረዳ ሄጄ፣ "በሰርጋችሁ ቀን በራሳችሁ ላይ በአውሮፕላን አልፋለሁ" አልኳቸው። ዳሱ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ።

"አንተ ደምሴ፣" አለኝ ጌታነህ፣ "ባለፈው ነብር በካልቾ መታሁ ብለህ አልነበር?"

"መትቻለሁ።"

"ነብሩስ ምን አለ?"

"ቀይ ካርድ ጠየቀ።"

አጎቴ ሳቁን ጨርሶ፣ "ልጄ፣ አንተ አውሮፕላን ላይ ካየሁህ ጢሜን እላጫለሁ" አለ። ሽማግሌ በጢሙ ሲምል ቀልድ አይደለም። ወገኖቼ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ሰፈር ውስጥ አንድም ሰው ቃሌን አምኖ አያውቅም፤ ያስለመድኳቸው እኔው ነኝ። የዚያን ቀን ግን እውነት ተናግሬ ሲሳቅብኝ አንገበገበኝ። እንዳልዋሸሁ ለማሳየት ምንም ከማድረግ አልመለስም አልኩ። ሰይጣን ይህን ሰምቶ እጁን ሳያሻሽ አልቀረም።

የሰርጉ ዕለት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረን በረርን። እኔ ፊት፣ ከካፒቴኑ ጎን ነኝ። ከኋላ ቤዛ የምትባል ፎቶ አንሺ አለች፤ ከወለሉ ላይ የተገጠመውን ካሜራ ስትቆጣጠር ዐይኗን ከስክሪኑ አትነቅልም። በሞተሩ ጩኸት የተነሳ የምንነጋገረው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ቤዛ ግን የእሷን አውልቃ አንገቷ ላይ ነበር ያደረገችው። ስለዚህ እኔና ዮናስ የተባባልነውን አልሰማችም። ይህም ወሳኝ ነው።

ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል የቀኑን ሥራ ጨረስን። ካፒቴኑ ወደታች ወደ ቆላው አየ። ነጩ ጉም ከአልዩ አምባ በላይ ተነስቶ እንደተፈለቀቀ ጥጥ ገደሉን ይዞ እየወጣ ነበር።

"በቃ፣ እንመለስ" አለ።

"አንድ ሸለቆ ቀርቶናል ካፒቴን" አልኩት። አልቀረም። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

"ነገ ይደርሳል። ጉሙ እየመጣ ነው።"

ያኔ ነው ሁለተኛውን ያወጣሁት። "አትስጋ፣ ይህን ጉም እኔ አውቀዋለሁ" አልኩት። "አባቶች ሲሉ፣ የአንኮበር ጉም ምሳውን ሳይበላ ደጋ አይወጣም ብለዋል።"

አባቶች እንዲህ ብለው አያውቁም። እዚያው መቀመጫዬ ላይ ነው የፈጠርኩት። ተረትና ምሳሌ መፍጠር ለእኔ ዕለታዊ ሥራዬ ነው፤ መንገድ ላይ ለተሳፋሪ ስፈጥር ኖሬያለሁ። ግን እዚህ አገር "አባቶች ሲሉ" ብለህ የጀመርከውን ማን ይጠራጠራል? የአዳማ ሰው፣ ደጋውን የማያውቅ፣ ሽማግሌ አክባሪ። ዞር ብሎ አየኝ።

"እርግጠኛ ነህ ጋሽ ደምሴ?"

"እዚሁ ተወልጄ ነው ያደግሁት።"

ድምፅ በሌለው ሳቁ ሳቀ። "አባቶች ካሉማ እሺ። አንድ ዙር ብቻ።"

ወደ ሰፈራችን መራሁት። ዳሱ ሰማያዊ ሸራ ለብሶ ታየኝ፤ ሰዉ እንደተሰጣ ጤፍ ፈሷል። ኮፍያዬን አውልቄ በመስኮቱ አወዛወዝኩ። ሰዎቹ ቀና አሉ፤ እኔ መሆኔን ያወቁ ግን አልመሰለኝም። "ካፒቴን፣ በዚህ ጎን ስንጥቁ አልታየኝም፤ አንዴ ድገመው" አልኩት። ሦስተኛው ውሸት። ሰዓቱን አየ፤ ከንፈሩን ነከሰ፤ ደገመው። ዝቅ ስንል ጌታነህ ከነሱፉ ከዳሱ ሮጦ ወጥቶ ሁለት እጁን ሲያነሳ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ሙሉነሽ ልትሰርዘው ነበር። ተይው አልኳት፤ እንደዚያ ነው የነበረው።

ሁለቱ ዙር አሥራ አንድ ደቂቃ ወሰደ። በኋላ መርማሪዎቹ ናቸው የነገሩኝ፤ መሣሪያው ይመዘግባል። በረዶው ማረፊያው ሜዳ ላይ የጀመረው ደግሞ እኛ ከመድረሳችን ሰባት ደቂቃ ቀድሞ ነው። እናንተው ቀንሱት። ባላስዞረው ኖሮ በረዶው ሲጀምር መሬት ላይ ሆነን ነበር። ይህን ቁጥር ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀንሰው፣ አንድም ቀን ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ወደ ደብረ ብርሃን ስንዞር ሰማዩ ከፊታችን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። የሜዳው ጠባቂ በሬዲዮ፣ "ካፒቴን፣ ነፋሱ ተነስቷል፣ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "በረዶ ነው፣ በረዶ ነው" አለ። ዞሬ ወደኋላ ሳይ ገደሉ የለም፤ ጉሙ ደጋው ላይ ወጥቶ ሰፈራችንን ከነዳሱ ውጦታል።

"ወደ አዲስ አበባ አንሄድም?" አልኩት።

"ወደኋላ ጉም ነው፤ ወደ አዲስ አበባ መብረቅ ነው። ሳይከብድ እናርፋለን። ቀበቶህን አጥብቅ" አለ። ከዚያ ወደ ቤዛ ዞሮ በእጁ ቀበቶዋን አሳያት። ቀጥሎ ወደ እኔ ሳይዞር፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ጉሙ ዛሬ ምሳውን ቶሎ በላ፣ ጋሽ ደምሴ" አለኝ። ቁጣ የለበትም። የፈራን ሰው የሚያረጋጋ ቀልድ ነበር። ያን ጊዜም እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

በመጽሐፋችን ማዕበሉ የተነሳው በዮናስ ምክንያት ነው። በእኛ ግን ዮናስ መሪውን ይዞ ነበር፤ ወደ ባሕር መጣል የነበረበት ከጎኑ ተቀምጦ ነበር።

በቀደሙት ምስክርነቶቼ ስለ በረዶው የነገርኳችሁን አስታውሳለሁ። በመጀመሪያው አጥቢያ የእንቁላል ያህል ነበር። በሁለተኛው የስኒ ያህል ሆነ። እዚህ ስደርስ የሰው ጭንቅላት አከለ። ወገኖቼ፣ በረዶው የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር። ባቄላ። ግን ሜዳውን በሙሉ ነጭ አደረገው። ኖራ የተቀቡት ድንጋዮች ነጭ ናቸው፤ በነጭ ላይ ነጭ ማን ያያል? ከላይ ስንወርድ የሜዳው ዳር የት እንደሚያበቃ አይታወቅም ነበር። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ፣ መስታወቱን በእጅጌው እየጠረገ ይፈልጋል። ነፋሱ ከጎን ይመታናል። አንዴ ነክተን ተነሳን፤ ሁለተኛ ስንነካ ጎማዋ በበረዶው ላይ ተንሸራተተች። ግራ ጎማዋ የውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ሰማይና ምድር ቦታ ተለዋወጡ። የግጦሹን የድንጋይ ካብ የመታነው በእሱ በኩል ነው።

ጩኸቱ ሲቆም በቀበቶዬ ተንጠልጥዬ ነበር፤ እግሬ ሌላ ሰው ዘንድ ያለ ይመስላል። በረዶው ቆርቆሮዋ ላይ ይንጣጣል። ነዳጅ ይሸተኛል። ካፒቴኑ ከጎኔ፣ ፊቱ ወደ እኔ ዞሯል። ዐይኑ ክፍት ነው።

"ቤዛ ደህና ናት?" አለኝ።

"ደህና ናት" አልኩት፤ ዞሬ እንኳ ሳላይ። እሷ በእርግጥ ተርፋለች፤ ጎኗና ትከሻዋ ነበር የተጎዳው። እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። እሱ እሺ እንደማለት ዐይኑን ከደነ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

መጀመሪያ የደረሱልን ከሜዳው አጠገብ ካለው መጠለያ ጣቢያ የሮጡ ሰዎች ናቸው፤ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት። አንድ ጎልማሳ ቀበቶዬን በማጭድ ቆርጦ አወረደኝ። "አብሽር ወንድሜ፣ አብሽር፣ አላህ አለ" ይለኛል። የለበሰውን ብርድ ልብስ ገፎ እኔ ላይ ጣለ። ከዚያ ካፒቴኑን ሊያወጣ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ብቻውን ተመለሰና ጭንቅላቴን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊቴን ከበረዶው ጋረደልኝ። የራሱ ቤት ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ሐኪሙን በተመለከተም ልታረም። "ዶክተሩ መቃብር ቆፍሩለት አለ" ብያችሁ ነበር። አላለም። "ጋሼ፣ ጭንህ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ብረት እናስገባለን። ሦስት ወር ትተኛለህ፤ ከዚያ ታነክሳለህ" ነው ያለው። እንዳለውም ሆነ።

ጌታን የተቀበልኩት እዚያው አልጋ ላይ ነው። እዚህ ላይ አልዋሸሁም። አንድ ጠዋት ሙሉነሽ ስትጸልይልኝ አላሾፍኩም። "እኔ ሞቼ እሱ መኖር ነበረበት" አልኳት። እጄን ይዛ፣ "ለአንተ የሚሞትልህ አስቀድሞ ሞቷል" አለችኝ። አለቀስኩ። አመንኩ። ስሙ ይባረክ፤ ያን ቀን የተቀበለኝ እስከ ዛሬ አልጣለኝም። ግን እኔ ሙሉ በሙሉ አልገባሁም ወገኖቼ። ራሴን ሰጠሁት፤ ይህችን አንዲት ነገር ደግሞ ትራሴ ስር አስቀረሁ። ጌታን ከነውሸቴ ልከተለው ፈለግሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት መርማሪዎች መዝገብ ይዘው መጡ።

"አቶ ደምሴ፣ ካፒቴኑ ሰፈሩ ላይ ሁለቴ ዞሯል። ለምን እንደዞረ ነግሮዎታል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ የአይሱዙ ሾፌር ነኝ" አልኳቸው።

"ቤዛም አላወቀችም። እንዲዞር የጠየቀው ሰው አለ?"

"አልሰማሁም።"

ጻፉት። አብራሪው ያለ በቂ ምክንያት ከዕቅዱ ውጭ ዞረ፤ ሰዓት አሳለፈ ተባለ። ወሬው ከመዝገቡ ቀድሞ ወጣ። አንድ ቀን ፀጉሬን ስስተካከል አንዱ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ እውነት ጠጥቶ ነበር?" አለኝ። "የለም" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ልማዴ ሆኖ፣ በመስታወቱ ውስጥ ቅንድቤን ከፍ አድርጌ፣ "እኔ አፉን አላሸተትኩም" አልኩ። ሰዎቹ ሳቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዳማ ደረሰ። የሞተውን ሰው ሁለተኛ የገደልኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ከዚያ በክራንች እየሄድኩ መመስከር ጀመርኩ። ጌታ ከሦስት ሰው መካከል እኔን እንደመረጠ ተናገርኩ። እናንተ ታለቅሳላችሁ፤ እኔ አሳብጠዋለሁ። ባለፈው ዓመት በዚህ መድረክ ላይ መስክሬ ስወርድ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት በር ላይ ጠበቀችኝ። ባሏ የሞተበትን ቦታ ልታይ የመጣች ናት። ሰዎች "የተረፈው ሰውዬ እዚያ ይገኛል" ብለው ልከዋታል። ምስክርነቴን ከኋላ ወንበር ሆና ሰምታለች።

"ጋሽ ደምሴ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። "ሰናይት እባላለሁ፤ የዮናስ ባለቤት ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሳይሞት ምን አለ?"

ምን እንዳለ አውቃለሁ። ግን ያንን ከነገርኳት ቀጥሎ ያለውን ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ላጽናናት ፈለግሁ።

"ስምሽን ጠራ" አልኳት።

"ምን ብሎ?"

"ሰናይት ብሎ።"

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ባለቤቴ ሰናይት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም" አለችና፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ ሙሉነሽ ምሳ አቅርባለች። አልበላሁም። እሷም ከሰናይት ጋር የተነጋገርነውን ሁሉ እዚያው አዳራሹ በር ላይ ቆማ ሰምታ፣ ቀድማኝ ገብታ ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣" አለችኝ፣ "ያቺ ሴት እንዴት እንዳየችህ አይቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጸልዬ ያገኘሁት ባል ይሄ ከሆነ ልወቀው። ምን አደረግህ?"

ነገርኳት። ከጉሙ ጀምሬ እስከ ፀጉር ቤቱ። ስጨርስ ትሪውን አነሳች። "ይቅር ይበልህ አልልህም" አለች። "እኔን አይደለም የበደልከው። ጫማህን አድርግ።" በማግስቱ አዳማ ሄድን።

ሰናይት ቤት ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምንም ሳላሳብጥ፣ ምንም ሳላሳንስ። የጉሙን ምሳ እንደፈጠርኩት፣ ሕጉን እንዳስጣስኩት፣ መርማሪዎቹን እንደዋሸሁ። ፊቷ እንደ ግድግዳ ነበር። በመጨረሻ እውነተኛውን ቃሉን ነገርኳት። "'ቤዛ ደህና ናት?' ነው ያለው። ሌላ አልተናገረም" አልኳት። ያኔ ግድግዳው ፈረሰ። "እሱ ነው" አለች እያለቀሰች። "ይሄ እሱ ነው። የእኔ ዮናስ እንዲህ ነው የሚለው።" ወገኖቼ፣ ላጽናናት ብዬ የሰጠኋት ውሸት አቁስሏት ነበር። የፈራሁት እውነት ባሏን መለሰላት።

ስትረጋጋ ይቅርታ ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች። "ይቅርታ አሁን የለኝም። አያስጨንቁኝ" አለች። "ኤልዳና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት አባትሽ ሰክሮ ነው የሞተው ይሏታል። እኔ ምን ልመልስላት? እርስዎ የዋሹት ለእኔ ብቻ አይደለም። በዋሹበት ቦታ ሁሉ ሄደው ይናገሩ።"

በመጀመሪያ መርማሪዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ያው ሰውዬ መዝገቡን አውጥቶ፣ "ያኔ ለምን አልተናገሩም?" አለኝ። "ፈርቼ" አልኩት። አዲስ ቃሌን ጽፎ አስፈረመኝ። ሐሰት በመናገሬ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ቀጥሎ ሰፈራችን ሄድኩ። ጌታነህ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ያን ቀን እጄን ያነሳሁት ደስ ብሎኝ ነበር" አለና ወደ በረቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ፀጉር ቤቱም ሄጄ ተናግሬያለሁ። ሁለቱን አጥቢያዎችም አዳርሻለሁ። የቀራችሁት እናንተ ነበራችሁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ብረት በጭኔ ይዤ እያነከስኩ እሄዳለሁ። እንቅልፍ ግን እተኛለሁ። ጌታ ያዳነኝ ከሌሎቹ ስለምሻል አልነበረም፤ ከሦስታችን የባስኩት እኔ ነበርኩ። ያዳነኝ እንድናገር ይመስለኛል፤ ለመናገር ሁለት ዓመት አስጠበቅሁት፤ እሱም ጠበቀኝ። ክብሩን እሱ ይውሰድ። እናንተም ጌታን ከተቀበላችሁ በኋላ የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ እመኑት። በሚያስፈራችሁ እውነት ውስጥ ቀድሟችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ። እኔ አዳማ፣ ያቺ ሴት ስታለቅስ፣ እዚያ አግኝቼዋለሁ። ይቅርታ ባላገኝም እሱን አግኝቼዋለሁ።

ሙሉነሽ ፊት ለፊት ተቀምጣ በስልኳ እየቀዳችኝ ነው። ሰናይት ናት የጠየቀችው። ስለዚህ የቀረውን ቃል ለእናንተ አይደለም የምናገረው።

ኤልዳና፣ ልጄ። ደምሴ ነኝ፣ ከአባትሽ ጎን የተቀመጥኩት። አባትሽ ያን ቀን የጠጣው ውኃ ብቻ ነው። መመለስ ፈልጎ ነበር፤ "በቃ፣ እንመለስ" ብሎ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ ዋሽቼው። ሽማግሌ አክብሮ አመነኝ። በመጨረሻ የጠየቀው ከኋላው ስለተቀመጠችው ልጅ ደህንነት ነው። ይህንን ትምህርት ቤት ለሚጠይቅሽ ሁሉ ንገሪ። ማን አለሽ ካሉሽ፣ ያስዞረው ሰውዬ ራሱ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ነገረኝ በያቸው።

በቃ ሙሉነሽ። ላኪላት።